ስገባ እንዳትነሺ

ገዳሪፍ፣ ከመጠለያው
መጋቢት 1977 ዓ.ም.

ውድ ሙሉዬ፣

ያቺ ለቀቀች ሲሏት የምትመለሰው ትኩሳት ሀዋታ መጠለያ ድረስ ሄዳ ያዘችሽ አሉ። የምታመጣት ቅማል ናት፤ የለብኝም ብለሽ እንዳትዋሺኝ። እኔ ራሴ መንጋ እያረባሁ ነው፣ እረኛ ብቻ ነው የጎደለኝ። ሐሙስ መርፌ እንደምትወጊም ሰምቻለሁ። ተወጊ። ግን አስቀድመሽ ይህን ወረቀት አንብበሽ ጨርሺ።

ታምሬን አትረሺውም፤ እግርሽ ቆስሎ ከአርማጭሆ ስንወርድ በጀርባው ያዘለሽን። ማክሰኞ ረፋድ ላይ እሱም ተወጋ። ነርሷ ባሕሪያ "እስከ ነገ ቀና እንዳይል!" ብላኝ ሄደች። ሰምቻታለሁ። የሐኪም ወግ መስሎኝ ናቅሁት።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ራኩባው ውስጥ ስገባ፣ በሣር ክዳኑ ሥር ተኝቶ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። እኔም እንደ ልማዴ ላስቀው ብዬ፣

"ምነው ታምሬ፣ ሱዳን ገባሁ ብለህ ለሽማግሌ መነሳት ተውክ?" አልኩት።

ሳቀ። "ኖር፣ አባባ!" ብሎ ብድግ አለ።

"በእግዜር" ሳልለው ወደቀ።

ባሕሪያ ደረቱን ስትጫን ስትጫን ቆይታ ተወችው።

"መርፌሽ ገደለው!" ብዬ ጮህኩባት።

"አይደለም፣ ያ ሐጅ" አለች፤ ማተቤን እያየች ሐጅ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። "መርፌው ተህዋሲያኑን ባንድ ጊዜ ይሰባብራቸዋል። ደም ውስጥ ያሉት ጠባቂ ሕዋሳት ገላቸው ላይ እንደ ጆሮ ያለ ተቀባይ አላቸው። ስብርባሪው ሲነካው ወደ ውስጥ ምልክት ይልካል፤ ከዚያ ሕዋሳቱ እየተጠራሩ ሰውነቱን በሙሉ ያስቆጡታል። ተኝቶ ቢቆይ ቁጣው በራሱ ይበርድለት ነበር። ሲቆም ግን ልቡ አልቻለም።"

ማን እንዳስነሳው አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳት።

አሁን ሰው መርፌውን ፈርቶ በሽተኞቹን ከጆንያ ኋላ እየደበቀ ነው። ትናንት ሁለቱን ከተደበቁበት አውጥተን ቀበርናቸው። ዛሬ ከጎኔ ካለው ራኩባ ውስጥ የሚያቃስት አለ፤ ሲጠይቋቸው ማንም የለም ይላሉ። ይህን ወረቀት ወደ እናንተ ለሚመጣው ሾፌር እንደሰጠሁ ሄጄ የገደለው መርፌው ሳይሆን ምላሴ መሆኑን እነግራቸዋለሁ።

ሐሙስ በእህል መኪና እመጣለሁ። ስገባ እንዳትነሺ፣ ሙሉዬ። እናትሽ "አያትሽ መጡ፣ ተነሽ" ብትልሽ ጆሮ ዳባ ልበስ በይ። እኔ ራሴ ባሾፍብሽም፣ ይህን አፌን አላምነውምና፣ ተኝተሽ ስደቢኝ። ዘንድሮ በሩ ላይ ቆሜ "ኖር" የምለው እኔ ነኝ። አንቺ ከተኛሽበት "በእግዜር" በይኝ፤ ለታምሬ ሳልመልስለት የቀረሁትን ካንቺ አፍ ልስማው።

እስክትድኚ የማይቀመጠው አያትሽ፣
አንዳርጋቸው