ልጄ ካንተ መዝገብ የተነሳች ቀን

ውድ ጓደኛዬና ወንድሜ ጌታሁን፣

የእግዚአብሔር ሰላም ካንተና ከባለቤትህ ከእህቴ ከሃይማኖት ጋር ይሁን። ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ደጋግሜ ደውዬ፣ ስታነሳው ስለ ዝናብ ብቻ እያወራሁ ዘግቼዋለሁ። አሁን በጽሑፍ ይሁንልኝ።

ቀንቼብሃለሁ። ከሌላ ነገር ብጀምር ደብዳቤውም እንደ ስልኩ ስለ ዝናብ ሆኖ ይቀራል ብዬ ፈራሁ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ሶዶ የመጣሁት ክርና ዚፕ ልገዛ አልነበረም። ላንተ እንደዚያ ብዬሃለሁ። የመጣሁት ማርያማዊትን በዳኝነት ወንበር ላይ ተቀምጣ ላያት ነው። ከተሾመች መንፈቅ አልፏታል፣ እኔ አባቷ ግን ስትፈርድ አንድም ቀን አላየሁም። እንዳትረበሽ ብዬ ለእሷም አልነገርኳትም። የሰርግ ሱፌን ለብሼ፣ ከከተማችን ከተበላ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁና ችሎቱ ውስጥ የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

ስትገባ ሁላችንም ተነሳን። ለገዛ ልጄ ብድግ ማለት እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር። ከዚያ ካባውን አየሁት። ስትሾም አዋሳ ወስደህ ያሰፋህላትን። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ሰው "አባቷ ልብስ ሰፊ አይደል እንዴ?" አይልም? ከተቀመጥኩበት ሆኜ ስፌቱን መረመርኩት። ጉድለት ፈለግኩበት። ትከሻው ልክ ነው፣ እጅጌው ልክ ነው፣ አወዳደቁም ያምራል። ምንም ሳጣበት ይበልጥ ተናደድኩ።

የሁለት ወንድማማቾች የቤት ውርስ ክርክር ተጠራ። መዝገቡ ከሌላ ዳኛ ተዛውሮ ያን ቀን ገና እሷ ጋ መድረሱ ነው። ለከሳሹ ጠበቃ ሆነህ አንተ ቆምክ። ቀና ብላ አየችህና ብዕሯን አስቀመጠች።

"ይህን ጉዳይ እኔ ማየት አልችልም" አለች። "የከሳሽ ጠበቃ አቶ ጌታሁን ሕግ ስማር ቤታቸው አኑረው ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ለእኔ እንደ አባት ናቸው። ስለዚህ ከዚህ መዝገብ ተነስቻለሁ፤ ጉዳዩ ለሌላ ችሎት ይመራ።"

አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ጩማ ይባላል፣ ለሌላ ጉዳይ ምስክር ሆኖ የመጣ ነው፣ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

"የጠበቃው ልጅ ናት እንዴ?"

"አይደለችም።"

"ኧረ አባቴ ነው አለች እኮ! በጆሮዬ ነው የሰማሁት።"

"እንደ አባት ነው ያለችው።"

"ያው ነው። አንተን ደግሞ ምን አንጨረጨረህ?" አለና ወደ አንተ እያየ ራሱን ነቀነቀ። "ታድሎ! እንዲህ ያለች ልጅ ወልዶ!"

"አባቷ እኔ ነኝ" ማለት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ዳኛ በችሎት የተናገረችውን ትቶ ማን እኔን ያምናል? ቀጣዩን መዝገብ ሳልጠብቅ ወጣሁ። ልጄን ስትፈርድ ላያት ሄጄ፣ ላንተ ብላ ስትነሳ አይቼ ተመለስኩ።

ግቢው ውስጥ አገኘኸኝና እየሳቅህ አቀፍከኝ። "ቦጌ! ጉዴን ሰማህ? ደንበኛዬ 'ያሳደግካት ልጅ ናት ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ጭራሽ ተነሳችብን!' እያለ ሊበላኝ ነው! ና፣ ቁርጥ ልጋብዝህ።"

"ጾም ነኝ" አልኩህ።

ማክሰኞ! ጾም በሌለበት ወር! አንተም የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነህ፣ ታውቀዋለህ። አየት አደረግከኝና "እሺ፣ በረከቱ ይድረሰን" ብለህ ሄድክ። እስከ ተበላ ድረስ ፊቴ ሲቃጠል ነበር።

ለንስሐ አባቴ ለአባ ገብረአማኑኤል ነገርኳቸው። "ጾም ነኝ ካልክማ የሚቀጥለውን ማክሰኞ ጹም" አሉኝ። "ቅናቱስ፣ አባቴ?" ስላቸው "የቀናህበት ሰው ስም የለውም? ለእሱ ንገረው እንጂ" ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ይኸው እየነገርኩህ ነው።

ቅናቱ ደግሞ የዚያን ቀን የመጣ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ በኤፍኤም ስለ አዋጁና ስለ ችሎቱ ስታብራራ፣ ገበያተኛው ሱቄ ደጃፍ ቆሞ ይሰማሃል። በቀደም ስለ ባህላዊ ፍርድ ቤቶች ረቂቅ ሕግ ሶዶ ላይ የተደረገውን ጉባኤ፣ የምክር ቤት አባላቱ ምን እንዳሉ፣ ሽማግሌዎቹ ምን እንደመለሱ ስትተርክ አንዱ "ልጅህን ያስተማራት ጠበቃ አይደል?" አለኝ። የስፌት መኪናዬን ፔዳል ጠበቅ አድርጌ ረገጥኩት፤ ድምፅህ ተዋጠ። ማርያማዊትም ለበዓል ስትመጣ አፏን የምትፈታው "ጋሼ እንዲህ አለ" ብላ ነው። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ተናኜ "ልጅቷን ሁለት ሰው ቢወዳት ካንተ ላይ ምን ይቀነሳል?" ትለኝ ነበር። በሷ ጊዜ አይቀነስም ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ግን ያለችኝ አንድ ሰው ናት፣ ከአንድ ላይ ደግሞ ሲነሳ ይታወቃል።

ከትናንት በስቲያ ልጅቷ ደወለች። የእዮኤል ሽማግሌዎች በመጪው እሁድ ተበላ ይመጣሉ። እዮኤል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ልጅ ነው፣ አንተ ከእኔ ቀድመህ ታውቀዋለህ፤ እሱንም ልብ ብዬዋለሁ።

"አባዬ፣ ጋሼ ጌታሁን ከጎንህ ቢቀመጥ ምን ይመስልሃል?"

"ላስብበት።"

"ቅር አለህ?"

"ምን ቅር ይለኛል? ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእኔ ጉዳይ አንቺ ችሎት ቢመጣ ምን ትያለሽ?"

ሳቀች። "ባንተ ምን መናገር ያስፈልገኛል? አባቴ እኮ ነህ፣ ሕጉ ራሱ ያስነሳኛል። በጋሼ ግን እኔ ካልተናገርኩ ማን ያውቃል?" ቀጥላ ጠየቀችኝ። "አባዬ… ማክሰኞ እዚያ ነበርክ እንዴ?"

"ክር ልገዛ መጥቼ ነው" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ቃሏን ሳገላብጠው ነው የሰነበትኩት። እኔ ሳይነገርልኝ የታወቅሁ ነኝ ማለቷ ነው። ያጽናናል። ግን ጌታሁን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ሰው በአደባባይ ሲነገርለት መስማትም ያምረዋል። እሱን ያገኘኸው አንተ ነህ። እኔ የኋላው አግዳሚ ላይ ነበርኩ።

ይህን ማክሰኞ ጾምኩ። ስጸልይ ቅናቱ እንዲጠፋ ለመንኩ፤ አልጠፋም፣ ግን ከጎኑ አንድ ነገር አገኘሁ። ልጄ እናቷን ባጣች ጊዜ ካንተ ቤት እራት እየበላች አድራለች። እኔ ያን ጊዜ ተበላ ብቻዬን ሳለቅስ፣ "ማን አጠገቧ አለ?" ብዬ አልተጨነቅሁም። አንተ ነበርክ። አመሰግንሃለሁ ማለት እስከዛሬ ያቃተኝ ቦታዬን ያዝክልኝ ብሎ ማመን ስለሆነብኝ ይመስለኛል።

ስለዚህ እሁድ ና። ሃይማኖትንም ይዘሃት ና። ከቀኜ ትቀመጣለህ። ሽማግሌዎቹ ቆመው ልጃችንን ሲጠይቁ ግን አንተ ዝም በል፤ የራዲዮ ድምፅህን እዚያው ሶዶ ተወው። "እሺ" የምለው እኔ ነኝ።

ምናልባት ሳግ ይዞኝ መናገር ቢያቅተኝ፣ ያኔ ተናገርልኝ። ስትጀምር ግን "አባቷ እንዳለው" ብለህ ጀምር።

ወንድምህ ቦጋለ፣
የማርያማዊት አባት፣
ከተበላ