መቶ አለቃ ኃይለየሱስ ዘሪሁን፣ የሪራውን እስረኛ ቃል የሰሙ መርማሪ

የጎባ የቀድሞ ወታደሮች መረዳጃ ማኅበር፣ መቶ አለቃ ኃይለየሱስ ዘሪሁን ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 16 ቀን 1964 ዓ.ም. በሃምሳ ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለጎባና ለሮቤ ሕዝብ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው።

መቶ አለቃ ኃይለየሱስ በጎባ ከተማ ተወልደው ያደጉ ሲሆን፣ በ1943 ዓ.ም. ከቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ ዘምተዋል። በተከታዩ ዓመት፣ ራሳቸው ትከሻቸውን ቆስለው ሳለ፣ መራመድ ያቃተውን ጓዳቸውን ተሸክመው ከተኩስ መካከል በማውጣታቸው የጀግንነት ሜዳይ ተሸልመዋል።

በ1946 ዓ.ም. ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው ወንጀል መርማሪ ሆኑ።

በ1953 ዓ.ም. ከጎባ ወደ ሃረና በሚወርደው መንገድ ላይ አንድ ነጋዴ ተገድሎ ተገኘ። በግድያው የተከሰሱት ሃረና ውስጥ ያለችው የሪራ መንደር ማር ቆራጭ አቶ ጉርሜሳ ባዳሳ ነበሩ። መዝገቡ ለመቶ አለቃው ሲደርስ የተከሳሹ የእምነት ቃል በአማርኛ ተጽፎ አውራ ጣታቸው አርፎበት ነበር። አቶ ጉርሜሳ ግን አማርኛ አይሰሙም። መቶ አለቃው በኦሮምኛ ቢጠይቋቸው፣ ወረቀቱ ምን እንደሚል የነገራቸው እንደሌለ፣ ግድያው በተፈጸመበት ቀንም ሪራ በአማታቸው ቀብር ላይ እንደነበሩ ተናገሩ። መርማሪው በበቅሎ ሪራ ወርደው አምስት ቀን ሙሉ ቀባሪዎቹን አንድ በአንድ ጠየቁ። ወይዘሮ ጁሀራ ቀመር የተባሉትን ጎረቤት ጨምሮ አሥራ ሰባት ሰዎች ተከሳሹን በቀብሩ ላይ ማየታቸውን መሰከሩ።

የበላያቸው ግን ምስክሮቹ የሰውየው አገር ሰዎች ስለሆኑ አይታመኑም፤ መዝገቡ በእምነት ቃሉ ይዘጋ ሲሉ አዘዙ። መቶ አለቃው በባልደረቦቻቸው ፊት “ሰውየው ያልሰማውን ቃል የእሱ ነው ብዬ አልፈርምም፤ የሚጠብቀው ስቅላት ነው” ብለው መለሱ። በዚያው ሳምንት ሥራቸውን ለቀቁ።

ያዩትንና የሰሙትን ጽፈው አዲስ አበባ ለሚታተም አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላኩ። ጽሑፉ በ1954 ዓ.ም. ወጣ። ነገሩ እንደገና ታይቶ አቶ ጉርሜሳ ከአሥራ አራት ወር እስራት በኋላ በነጻ ተለቀቁ። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልተያዘም፤ ይህም እስከ መጨረሻው እንደቆጫቸው መቶ አለቃው አልሸሸጉም።

ጋዜጣው የጎባ ዘጋቢው አድርጎ ቀጠራቸው። በ1957 ዓ.ም. የዲንሾ ገብስ በውርጭ ሲጠፋ የገበሬውን ችግር ያሰሙት እርሳቸው ናቸው። ከገጠር የወሰዱትን ቃል፣ ወደ አዲስ አበባ ከመላካቸው በፊት፣ ለተናጋሪው በኦሮምኛ መልሰው ያነቡለት ነበር።

ማኅበራችን አንድ ነገር ሳይሸሽግ መናገር ይገባዋል። የአቶ ጉርሜሳ ጉዳይ በጋዜጣ በወጣበት ሰሞን ኮሚቴው “ሹማምንትን አዋርደዋል” በሚል መቶ አለቃውን ከአባልነት አግዷቸዋል። እርሳቸው አቤት አላሉም። አባል በሞተ ቁጥር ግን ሳይቀሩ መጥተው ከሕዝቡ ጋር ከኋላ ቆመው ይቀብሩ ነበር።

ከቀብራቸው በኋላ በአምስተኛው ቀን አቶ ጉርሜሳ የሳነቴን ከፍታ በእግራቸው አቋርጠው ለቅሶ ደረሱ። በለቀስተኛው ፊት በኦሮምኛ የተናገሩት ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ “ከእስር ከወጣሁ ወዲህ አራት ልጆች ወልጃለሁ፤ ለቅሶው የእነሱም ነው” የሚል ነው።

ኮሚቴው በማግሥቱ ተሰብስቦ እገዳውን በሙሉ ድምፅ ሽሯል። ሊቀ መንበሩም ደብዳቤውን ለቅሶ ቤት ድረስ ወስደው ለመቶ አለቃው ባለቤት ለወይዘሮ እኅተማርያም ገብረወልድ በእጃቸው ሰጥተዋል። ለወይዘሮ እኅተማርያም፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው እግዚአብሔር ብርታቱን እንዲሰጥልን እንለምናለን። ደብዳቤው መድረስ የነበረበት ለራሳቸው ለመቶ አለቃው ነበር፤ ስለ መዘግየታችን ቤተሰባቸውን ይቅርታ እንጠይቃለን።

የጎባ የቀድሞ ወታደሮች መረዳጃ ማኅበር
ጎባ፣ ጥር 25 ቀን 1964 ዓ.ም.