በሪባን የታሰሩት የነጌሌ ማዕዘኖች

ለተከበሩ የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና ለቢሮዎ ማኅተም የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ በነጌሌ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ወልደሩፋኤል ስሆን፣ የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው።

1ኛ. ከሁለት ዓመት በፊት ሃያ ኮምፒውተሮች ከነጂኦሜትሪ መሳያ ፕሮግራማቸው ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ተማሪው መስመሩን በማውስ ሲጎትት ማዕዘኖቹ ሲሰፉና ሲጠቡ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩት ግን ምንጊዜም እኩል ሆነው ሲቀሩ በዓይኑ ያያል ይላል መመሪያው። የክብር እንግዳ ሪባን ሳይቆርጡ የኮምፒውተር ክፍሉ እንዳይከፈት ስላዘዙ፣ እስከ ዛሬ ኮምፒውተሮቹን በመስኮት እንሳለማለን።

2ኛ. እንግዳው ይመጣሉ እየተባለ ተማሪዎቼ ሦስት ጊዜ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው፣ ሦስቱንም ጊዜ ከክብረ መንግሥት ከተማ ተመለሱ ስለተባልን፣ ትዕግሥት ስላስተማሩልን አመሰግናለሁ። በሦስተኛው ቀን ሪባኑ ከመቃን መቃን በሰያፍ መታሰሩን አይቼ ማዕዘኖቹን አስለካሁ። ሎሚ የምትባል ተማሪዬ ፕሮትራክተሩ ሳይደርሳት ስድሳ ሁለትና መቶ ዐሥራ ስምንት ነው፣ ማዶኛው መቃን ላይም ያው ነው አለች፤ ልክ ነበረች። እኔም ሪባን በመነካካት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ፋይሌን ስላወፈሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

3ኛ. እዚህ ላይ እጄ ይከብደኛል። የሎሚ አባት አቶ ጋሮማ፣ ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ትማር፣ ከወደቀች ግን ዶሎ ኦዶ አክስቷ ጨርቅ መሸጫ ትገባለች ብለው ቆርጠው ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ ኮምፒውተር ነክተን ለማናውቅ የኮምፒውተር የተግባር ፈተና አዘዘልን። ቢጨንቀኝ ካርቶን ላይ ስክሪን ሣልሁ፣ ከልብስ ሳሙና ማውስ ቀረጽሁ፤ ልጆቹም ሳሙናውን በካርቶኑ መስመር ላይ እየገፉ ተለማመዱ። በፈተናው ቀን ሎሚ ፈታኙ ከወረዳ ይዘውት በመጡት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ፣ እውነተኛውን ማውስ ከጠረጴዛው አንስታ፣ ልክ እንዳስተማርኋት፣ ስክሪኑ መስታወት ላይ ለጠፈችው። ፈታኙ ስቀው ዜሮ ጻፉ፤ ከማለፊያውም ሦስት ነጥብ ጎደላት። ስትወጣ «ቲቸር፣ መልሱን እኮ አውቀዋለሁ» ነበር ያለችኝ። እኔም አውቃለሁ፤ ያሳሳትኋት እኔ ነኝና ማፈሬን አልደብቅም።

አቤት ስል ፈተናው በደንቡ መሠረት መሰጠቱን በማኅተም አረጋገጡልኝ። ሎሚ በጭነት መኪና ወደ ዶሎ ኦዶ ሄደች። አቶ ጋሮማ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ናጋ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ይሉኛል፤ እኔ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ መሆኑን ስለማውቅ፣ በዚህ ደብዳቤ የሚለወጥ ነገር ይኖራል ብዬ አልጠብቅም።

ሪባኑ ከጡረታዬ በኋላም ሳይቆረጥ እንዲቆይልዎ የሚመኝ፣
በማስጠንቀቂያ የታነጸ ታዛዥዎ፣
መምህር ወልደሩፋኤል፣ ነጌሌ

ማስታወሻ፦ ሪባኑን ፀሐይ በልቶት ረግቧል። አዲስ ካስፈለገዎ ዶሎ ኦዶ ሎሚ በሜትር ትሸጣለች፤ ሳትለካ በዓይኗ ብቻ ልኩን ትቆርጥልዎታለች።