በወፍጮው ድንጋይ ላይ የመረጥሽው ብር

ይድረስ ለባለቤቴ ለየሻረግ።

አፈር ከለበስሽ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ጀመርሁና ወረቀቱን ቀደድሁት። እንዴት ከረምሽ ብዬም ሞከርሁ፣ እሱንም ቀደድሁት። ለሞተ ሰው ምን ተብሎ ሰላምታ እንደሚጻፍ የኔታ አላስተማሩኝም። ወረቀት ደግሞ እንደ ዘንድሮ ተወዶ አያውቅም፤ ሞተሽም ታስወጪኛለሽ። ስለዚህ ሰላምታውን ተይልኝና ወደ ነገሬ ልግባ። አንቺም ብትሆኚ ወሬ ማንዛዛቴን አትወጂውም ነበር።

ነገሬ ያቺ የጨዋታ ብር ናት። ወንድሜን አንለይን የበላሁት እኔ ነኝ፣ ብሯን የመረጥሁ እኔ ነኝ እያልሽ ነው የሄድሽው። የሻረግ፣ አንቺ አልበላሽውም። ይህን አስቀድሜ ልበልና የቀረውን ቀስ ብዬ አጫውትሻለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። እናትሽ ብቻቸውን ከሚሆኑ ብዬ ከይጁቤ አምጥቻቸው አብረን እየኖርን ነው። ገብተው ሳያርፉ ምድጃውን ከቦታው አዛወሩት፤ ጨው የት እንዳለ እስከ ዛሬ ሳልጠይቅ አላገኘውም። ቀይዋ ላም ወልዳለች። አረቡ ሱቅ በረንዳ ላይ ያው የስፌት መኪናዬ ፊት እውላለሁ፤ ግን አዲስ ጨርቅ ከየት ይመጣል፣ የሰው አሮጌ ስጥፍ ነው የምውለው። ጣልያኑ አሁንም ምሽጉ ላይ ነው። ሊወጣ ነው የሚል ወሬ አለ፤ ወሬውን ግን ስንቴ ሰማነው።

የእጅ ጨዋታውን ካንቺ ወዲህ አልነካሁትም። ሰርግ ላይ ሲለምኑኝ ጣቴ ደርቋል እላቸዋለሁ። ውሸቴን ነው። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አሁን ታየብህ፣ አውራ ጣትህን ሰብሰብ አድርግ የሚለኝ ሰው ስለሌለ ነው። ስንጋባ ዘመዶችሽ ይሄ ሰውዬ ምትሐት ይሠራል፣ ልጃችንን ሊያደነዝዛት ነው ብለው ነበር። አንቺ ግን በሰርጋችን ማግስት ብሩን ከጆሮሽ ሳወጣልሽ እጅጌዬን ለቀም አድርገሽ ሌላውን ብር ጎትተሽ አወጣሽው። በሚዜዎቼ ፊት! ሦስት ቀን አኮረፍሁሽ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ግን አንቺ አይተሽ ያላሳለፍሽው ጨዋታ አምበርም ሆነ ይጁቤ ገበያ ወጥቶ አያውቅም።

አንለይን ለአርበኞች ስንቅ አቀብለሃል ብለው የወሰዱት ጾሙ ሳይገባ ነው። በየቀኑ አገልግል ይዘሽ ምሽጉ በር ትሄጃለሽ፣ ዘበኞቹ ይቀበሉሻል፣ ማታ ባዶውን ይመልሱልሻል። ባዶ ሆኖ ሲመለስ ወንድሜ በላልኝ ብለሽ መሬት ትስሚ ነበር። ፋሲካ ካለፈ በኋላ የምሽጉ አዛዥ ሻምበል ሰው ላከብኝ። መልእክቱን ያመጣው የሚያስተረጉምለት ያገራችን ልጅ ቱርጁማኑ ነው። ለዳግም ትንሣኤ ግብዣ አለን፣ መጥተህ አጫውተን፣ ካሳቅኸኝ የሚስትህን ወንድም እለቅልሃለሁ ብሏል አለኝ። እልል ልትዪ አፍሽን ከፍተሽ ጎረቤት እንዳይሰማ በነጠላሽ የያዝሽው አሁንም ፊቴ ላይ አለ።

እንግዲህ በየትኛዋ ብር ልጫወት? አንጥረኛው የሠራልኝን ሦስቱን አጎዛው ላይ ደረደርሁልሽ። በኛ አገር ብር በዓይን ብቻ አይፈተንም። ጠገራ ብር ስትሰጪው ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምጿን ሳይሰማ የሚቀበል ሰው ይጁቤ ላይ አልተፈጠረም። አንቺ ደግሞ የጨው ነጋዴ ልጅ ነሽ፤ እናትሽ ጎን ተቀምጠሽ ጆሮሽ ብር እየሰማ ነው ያደገው። ዓይንሽን ጨፍነሽ አንድ ባንድ ወፍጮው ድንጋይ ላይ ጣልሻቸው።

የመጀመሪያዋ በሁለቱም ወገን ጠገራው ላይ ያለችው የፈረንጅ ንግሥት መልክ ያለባት ነበረች። እንደ ገል ነው የምትጮኸው ብለሽ ገፋሻት። ሁለተኛዋ ከመካከሏ ተሰንጥቃ በላስቲክ የተያዘችው፣ ታጥፋ በብርሌ አንገት የምትገባዋ ናት። እሷ ጭራሽ ድምፅ የላትም። እኔ እሷን ነበር የፈለግሁ፤ ምክንያቴም ታምራለች ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይባላል እንጂ ብር በብርሌ የሚል የት ሰማህ ብለሽ አሾፍሽብኝ። ሦስተኛዋ ውስጧ ተፈልፍሎ ሽፋኗ ብቻ የቀረላት ናት። ከሥሯ የጣልያን ሊሬ ይደበቅባታል፤ ሽፋኗን በጥፍሬ ፈንቅዬ መዳፌ ውስጥ ሳስቀራት ጠገራው ብር በሰው ፊት ሊሬ ይሆናል። አንጥረኛው በሰም አጥብቆ ስለገጠማት ድምጿ ከእውነተኛዋ እምብዛም አይለይም። ሁለቴ ጣልሻትና ይቺ ናት አልሽ። ፈረንጁ በዓይኑ ያያል፣ ቱርጁማኑ ግን የኛው ሰው ነው፣ ጥዬ ድምጿን ልስማ ይላል። ሊሬያችንን አልቀበል አሉን ብሎ ሰው የሚገርፍ ሻምበል ደግሞ ብራችን ሊሬ ሲሆን ቢያይ እንዴት ደስ አይለው? እንዲህ ነበር ያልሽው። ዛሬም ሳስበው ከዚህ የተሻለ ምክር የሚሰጥ ሰው አላገኝም።

ምሽጉ ግብዣ ላይም እንዳልሽው ሆነ። ቱርጁማኑ ገና ብሯን ሳወጣ ተቀብሎኝ የደረጃው ድንጋይ ላይ ጣላት፤ ሰማት፣ ራሱን ነቀነቀና መለሰልኝ። ተጫወትሁ። ብሩ ሊሬ ሲሆን ሻምበሉ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ፣ መኮንኖቹ አጨበጨቡ። በልቤ አንለይን ይዤ ቤት ገብቼ ነበር እኮ! ያን ጊዜ ነው ቱርጁማኑ ብሩስ የት ሄደ ብሎ እጄን የያዘው። ጣቶቼን ፈልቅቆ ሽፋኗን አወጣና ጣላት፤ ባዶዋን እንደ ቆርቆሮ ጮኸች። በሻምበሉ ጆሮ ነገር ሹክ አለ፣ እሱም ሳቁን ዋጠ። ሐሰተኛ ገንዘብ ታሠራለህ ተባልሁ። ግርፋቱን ልተወው፤ ስፈታ ጠባሳውን በቅቤ ያሸሽው አንቺ ነሽና ታውቂዋለሽ። ክረምቱ እስኪወጣ እዚያው አሰሩኝ። አንቺም ሁለት አገልግል መሸከም ጀመርሽ። የኔው ይደርሰኝ ነበር። አንለይስ ብዬ ብጠይቅ ሌላ ቤት ነው ያለው ይሉኛል፣ እኔም ሞኙ አምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሳቅሽን አላየሁትም። የብርሌዋን ብንወስድ ኖሮ ብርሌ ውስጥ ያለ ብር ማን ድንጋይ ላይ ይጥል ነበር ትያለሽ። አይደለም እልሻለሁ፣ አትሰሚኝም። ምን ማስረጃ ነበረኝ? ተስቦው ሲጥልሽም ስለ ትኩሳቱ አንድ ቃል አልተናገርሽም። አንለይ የተፈታ ቀን እግሩ ላይ ወድቀህ ይቅር በላት በልልኝ ብለሽ እጄን ጨመቅሽው። እሺ አልሁሽ። ሌላ ምን እላለሁ?

ባለፈው ወር አንድ የአምበር ገበሬ ልብስ ሊያስጥፍ ሱቁ በረንዳ መጣ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የእግር ብረት ጠባሳ አለ። ስፌቱን እየጠበቀ ወሬ ጀመረ፤ እኔም የአማቼን ስም ጠራሁለት። ባርኔጣውን አወለቀ። አብረው በአንድ ሰንሰለት ታስረው ነበር። ጾሙ ሳይጋመስ ሌሊት በካሚዮን ጭነው ወደ ዓባይ አወረዷቸው አለኝ። አንለይን በረሃው ላይ ንዳድ ያዘው፣ ሁለት ቀን ቃዠና አረፈ። ጓደኞቹ በእጃቸው አፈር ጭረው፣ ካንድ ዋርካ ሥር ቀበሩት። ሆሳዕና ገና ነበር ብሎ ማለልኝ።

አስተዋልሽ? ሆሳዕና ሳይደርስ! እኔ ለዳግም ትንሣኤ ነው የተጫወትሁት። አንቺ ወፍጮው ላይ ብር ስትጥይ አንለይ አፈር ከለበሰ ቆይቶ ነበር። ሻምበሉ ሊለቅልን የሚችል ሰው እጁ ላይ አልነበረውም። የብርሌዋን ብትመርጪ፣ የወርቅ ብር ብትመርጪ፣ ሻምበሉ እስኪያነባ ቢስቅ፣ አንለይ አይመጣም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ በጾም ሽሮውን፣ ከፋሲካ በኋላ ሥጋውን ሠርተሽ የላክሽለትን ዘበኞቹ ናቸው የበሉት። እሱን ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ለእናትሽ እንደ ወጉ ሽማግሌዎች ይዤ ጎሕ ሲቀድ መርዶውን አረዳናቸው። ከነጋሪዎቹ አንዱ ቀኑንም ነገራቸው፣ ከፋሲካ በፊት ነው የሞተው አላቸው። ደረታቸውን ሊመቱ ያነሱትን እጅ አየር ላይ አቆሙት። ከዚያ ኧረ የሻረግ፣ ኧረ ልጄ፣ ይህን ሳትሰሚ ብለው ጮኹ። የወንድ ልጃቸውን መርዶ ሰምተው አስቀድመው ያለቀሱት አንቺን ነው። ለቀስተኛው ግራ ተጋባ፣ እኔ ግን ገብቶኛል።

የኔን ጉድ ደግሞ ልንገርሽ። ያ ገበሬ ሲነግረኝ ከእንባዬ በፊት ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አንለይን እንደ ወንድሜ ነበር የምወደው፣ ግን ደስ አለኝ። ወዲያው ሮጬ ልነግርሽ ተነሣሁ፤ መርፌውን እንደያዝሁ በረንዳውን ወርጃለሁ። መንገድ ላይ ነው ቤት እንደሌለሽ ትዝ ያለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ይህ ሰውዬ ምነው ያን ጊዜ በመጣ! አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ ቀድሞሽ ቢደርስ፣ ቀለል ብሎሽ ትሞቺ ነበር። ከመሞትሽ ይልቅ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

እንግዲህ ያዘዝሽኝን አልፈጽምም፤ የምወድቅበት እግር የለም፣ የምጠይቀውም ይቅርታ የለም። አንቺም ብትሆኚ እዚያ አግኝተሽው ከሆነ ይቅርታ እንዳትጠይቂው፣ ስለ ምን እንደሆነ አያውቅልሽም። የክርስትና ስማችሁን ለቄሱ አንድ ላይ ሰጥቻለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በሙት ዓመትሽ ስምሽ ተጠርቶ ጸሎቱ ሲያበቃ፣ ብድግ ብዬ በሰው ሁሉ ፊት የሻረግ ወንድሟን አልበላችም እላለሁ። አበደ ይበሉኝ። በየዓመቱ እላለሁ።