መጠጥ የምንለውና የምንቀምሰው

ኅዳር 16፣ ጠዋት 1፡30
ጌሾ 14 ጆንያ፣ ብቅል 6። ከአንኮበር ከመጣው አንዱ ጆንያ ርሷል፤ ለብቻው አሰጣሁት። ውርጩ ከባድ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ልጅ መጣች፣ ሜሮን የምትባል። የቀን ሠራተኞችንና ተፈናቃዮችን ስለ መጠጥ፣ ስለ ጫት፣ ስለ ጭንቀት እየጠየቀች ታጠናለች። የሱቄን ጓዳ ፈቀድኩላት። ሰው በተሰለፈበት ገዢ አይጠፋም ብዬም ነው፤ አንተን አልዋሽህም፣ ደብተሬ።

9 ሰዓት
ወንድሜ ታደሰም ተጠየቀ። ጆንያ የሚያወርድልኝ እሱ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከእኔ ጋር ይኖራል። እየሳቀ ወጣ። «እቴ፣ በዚህ ወር መጠጥ ጠጥተሃል ወይ አለችኝ። አልጠጣሁም ስላት አምስት ጥያቄ ዘለለችልኝ። ተገላገልኩ።»
ዛሬ ጎህ ሲቀድ አረቄ ሲጨልጥ አይቼዋለሁ።

ኅዳር 17
ሳስበው ዋልኩ። ታዴ አልዋሸም። እኛ ዘንድ መጠጥ ማለት ቡና ቤት ተቀምጠው የሚያስከፍቱት ጠርሙስ ነው። ጠላ እህል ነው። የጠዋት አረቄ ብርድ ማስወጫ ነው፤ «ቀመስኩ» እንጂ «ጠጣሁ» የሚል የለም። ጠጪ የሚባለው ቦይ ውስጥ ወድቆ የተገኘ ብቻ። ታዴ ወድቆ አያውቅም።
እኔም እንዲሁ ነበር የማስበው። ጌሾ ለሚሸጥ ሰው የሚመች ሐሳብ ነው።

ኅዳር 19
ለሜሮን ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እትዬ፣ ታዲያ እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነው?» ውሸትስ አይደለም፣ ያልጠየቅሽውን ማን ይመልስልሻል አልኳት። ጠዋት ምን ትቀምሳላችሁ በያቸው። የጥያቄ ወረቀቱን በራሷ መቀየር አትችልም፤ አለቆቿን ታስፈቅዳለች።

ኅዳር 23
ፈቀዱላት። ሰዎቹን እንደገና ጠራች። ታዴ እየቀለደ ገባ። ቆየ። ሲወጣ አይስቅም።

ምሳ ላይ ራሱ ነገረኝ። ሲነሣ አንድ፣ ጆንያ ሳያወርድ አንድ፣ ከዚያ ሁለት… ሰባት ላይ ሲደርስ መቁጠሩን ተወው። ሳይቀምስ ስኒ መያዝ አይችልም፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሟች ሚስቱ ከጓሮ ስትጠራው ይሰማዋል።
ሁለት ዓመት አንድ ቤት ኖረናል። የጆንያ ጉድለት በእጄ አንሥቼ የማውቅ ሰው ነኝ። ይህን አላወቅኩም። ወይም ማወቅ አልፈለግኩም።

10 ሰዓት
የአረቄ ጠርሙሱን ልደፋው ነበር። አስቀድሜ ሜሮንን ጠየቅኳት። እንዳታደርጊው አለች፦ ድንገት ካቋረጠ ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊጥለው፣ ሊገድለውም ይችላል፤ ባለሙያ እያየው ነው የሚተወው። ጤ/ጣቢያው የአእምሮ ሕክምና ነርስ አለው።

ኅዳር 24፣ 11 ሰዓት
ጤ/ጣቢያ ሂድ ብዬው ተከራከርን። «በቃ እብድ አደረግሽኝ? ሰው ቢያየኝስ?» ፀበል ይሻለኛል አለ። ፀበሉን ማን ከለከለህ፣ ሁለቱም ይሆናል አልኩት። ከዚያ በላይ አልጨቀጨቅኩትም፤ ገዢ ሲያመነታ አይገፋም።
ቆይቶ፣ መሬት መሬት እያየ፣ ብቻዬን ነው የምሄደው ወይስ ትመጫለሽ አለኝ።
ነገ የገበያ ቀን ነው። ከባልቻ ጎተራ እስከ መዘዞ ያሉ ደንበኞቼ ይመጣሉ። እመጣለሁ አልኩት።

ነገ፦ 2 ሰዓት፣ ከታዴ ጋር ጤ/ጣቢያ። ሱቅ ዝግ።