ስለ ገጽ አርባ አንድ የቀረበ ምስጋናና አቤቱታ

ለአካባቢያዊ የአየር ንብረት ለውጥ ተጽዕኖ ምርምር ፌሎሺፕ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ ገጽ ላይ ሲያገኝዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ በቢሮዎ ደጃፍ ያለው የውሃ ማቀዝቀዣም እንደ ወትሮው ሙሉ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። ሦስት ጊዜ በቢሮዎ በኩል ጽፌ ነበር፤ ጸሐፊዎም ሦስቱንም ጊዜ ደብዳቤዬ መድረሱን ደስ በሚል ትሕትና አረጋግጠውልኛል። መድረሱን እንጂ እርስዎ ራስዎ ማንበብዎን የነገረኝ ስላልነበረ፣ አራተኛውን ሰው ሁሉ በሚያይበት ቦታ ባስቀምጠው ለእርስዎም ፍለጋውን ያቀልልዎታል ብዬ ነው።

እኔ ባለፈው ዓመት ፌሎሺፑን ካገኙት ስድስት የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪዎች አንዱ ነኝ። ሥራዬ ከከተማው በታች ባለው ሸለቆ ከባድ ዝናብ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ጨምሯል ወይስ አልጨመረም የሚለውን መመርመር ነበር። አልጨመረም አልኩ። ኮሚቴዎም ይህን መልስ ወደደውና የዓመቱን የመረጃ ጥራት ሽልማት፣ በውሃ ጠብታ ቅርጽ የተሠራ የመስታወት ዋንጫ፣ በጭብጨባ ሰጠኝ። ዋንጫው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳላዞረው ጠብታ ፊት የለውም።

መረጃውን ያገኘሁት በአንድ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ከቆመች የዝናብ መለኪያ ነው። ጠዋት ጠዋት በሦስት ሰዓት የተጠራቀመውን ውሃ በቀጭን ብርጭቆ እየገለበጡ፣ ብርጭቆውን ከዓይናቸው ትክክል አንሥተው እያነበቡ በደብተር የሚጽፉት፣ በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ሰፈሩ በዚያች ብርጭቆ ምክንያት እማማ ብልቃጥ ይላቸዋል። የሚቲዎሮሎጂ ቢሮው በላከልኝ ሃያ ስድስት ደብተሮቻቸው ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ላይ ድፍን መቶ ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር አገኘሁ። ዘጠና ስምንት አይደለም፣ መቶ ሦስት አይደለም፤ መቶ። የተማርኩ ሰው ነኝና ወዲያው ገባኝ፤ ሴትዮዋ ዝናብ ሲበረታ መውጣት ታክቷቸው ከቤት ሆነው የመጣላቸውን ጽፈዋል አልኩ። አሥራ አንዱንም ቀን ሰረዝኩ። በሪፖርቴ ገጽ አርባ አንድ ላይም «መዝጋቢዋ በግምት የጻፏቸው አሥራ አንድ ቀናት ከመረጃው ተወግደዋል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጥኩ። ጣፋጭ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እውነቱን ያወቅሁት በፌሎሺፑ መልካም ሥርዓት ነው። የመዝጊያው ቅጽ ከ«ተጠቃሚው ማኅበረሰብ» ጋር የተነሡት ፎቶ እንዲያያዝ ስለሚያዝ፣ ፎቶ ልነሣ ሄድኩ። እማማ ብልቃጥ ነጠላቸውን አስተካክለው ከመለኪያዋ አጠገብ ቆሙልኝ። እኔም ጨዋታ ብዬ፣ ዝናብ ሲበረታ ሁልጊዜ መቶ የሚሆነው በምን ምክንያት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሰውን እንዳያሳፍሩ ሲሉ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ዕቃው የሚይዘው መቶ ነው እኮ። ከዚያ ወዲያ ያለው ይፈሳል። የፈሰሰውን ከሣር ላይ ለቅሜ ልጻፍልህ?» አሉኝ። ትልቅ ዕቃ እንዲላክላቸው ሁለት ጊዜ ለሚቲዎሮሎጂ ቢሮ ማመልከታቸውንም ነገሩኝ። ፎቶው ላይ እሳቸው ይስቃሉ፤ እኔ ምን እንደምመስል ከፋይሉ አውጥተው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ከአሥራ አንዱ ቀን ዘጠኙ ባለፉት ስምንት ዓመታት የወደቁ ናቸው። የሸለቆው ከባድ ዝናብ ጨምሯል ማለት ነው። የሰረዝኩት ስህተቱን ሳይሆን መልሱን ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በሥርዓት ላቅርብ።

፩ኛ፤ መመሪያዎ የመስክ ጉዞ በዓመት ከአምስት ቀን እንዳይበልጥ በማለቱ አመሰግናለሁ፤ ለረጅም ጊዜ መደበቂያ ሆኖኛል። ነገር ግን ጤና ጣቢያው ከቢሮዬ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ነው፤ ከአምስቱ ቀን አንዱንም አልተጠቀምኩም። እማማ ብልቃጥ ደግሞ በእያንዳንዱ ደብተር የውስጥ ሽፋን ላይ «ያልገባ ነገር ካለ ይደወልልኝ» ብለው ስልካቸውን በጥሩ እጅ ጽፈው ነበር። ሃያ ስድስት ደብተር፣ ሃያ ስድስት ጊዜ። ሁሉንም አይቼዋለሁ። ይህ ቅሬታ ወደ እርስዎ ሲጓዝ መንገድ ላይ ወደ እኔ ስለዞረ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪ኛ፤ ሪፖርቱን የገመገሙት አራት የተከበሩ ምሁራን ናቸው። ሦስቱ አመሰገኑኝ። አራተኛው ገጽ አርባ አንድን ነጥለው አስተያየት ሰጡ፤ የሠንጠረዡ መስመር ትንሽ እንዲወፍር። ስለዚህ ጥንቃቄያቸው ምስጋናዬ ይድረሳቸው። መስመሩን አወፈርኩት።

የሚቲዎሮሎጂ ቢሮውም ያንኑ ገጽ አንብቦ፣ መዝጋቢዋ በግምት የሚጽፉ ከሆነ ጣቢያው ለምን ይቆያል ብሎ ዘጋው። እማማ ብልቃጥ በፎቶው ቀን ጣቢያው ለምን እንደተዘጋ ጠይቀውኝ ነበር። «የቢሮ ነገር ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ከጻፍኩት ሁሉ ይልቅ ይህችን የተናገርኳትን መሰረዝ ብችል እወድ ነበር።

፫ኛ፤ ይህ ከሁሉ የሚያስቸኩለው ነው። በሸለቆው አፍ ላይ አዲስ መንገድ እየተሠራ ነው። ከመንገዱ ሥር የሚቀበረው የጎርፍ ማሳለፊያ ቱቦ በፊት አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ነበረው፤ ከባድ ዝናብ አልጨመረም ከተባለ ወዲህ ዘጠና ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል ተብሏል። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፤ ጠባቦቹ ቱቦዎች በመንገዱ ዳር ተደርድረዋል፤ ሕፃናት በውስጣቸው እየጮኹ ድምፃቸው ሲመለስ ይሰማሉ። መንገዱ ውሃውን ካገደው የሚተኛው ከላይ በኩል ባሉት ቤቶች ላይ ነው። ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ ልብስ ሰፊዋ የእማማ ብልቃጥ ልጅ ከነሦስት ልጆቿ ትኖራለች። ወደ መሐንዲሱ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ቅን ሰው ነው፤ አዳመጠኝ። «ዶክተር፣ እኔ በእጄ ያለው በማኅተም የታተመው ነው። ኮሚቴው ገጹን አንሥቻለሁ ብሎ አንድ መስመር ይጻፍልኝ፤ በነጋታው ሰፊውን ቱቦ አስመጣለሁ» አለኝ። አንድ መስመር ነው ያለው፣ ክቡር ሰብሳቢ።

፬ኛ፤ ሦስተኛው ደብዳቤዬ ግን ከመድረሱም አልፎ መልስ አግኝቷል። የተጠናቀቀ ሪፖርት ከተነሣ የፌሎሺፑ የስኬት መጠን ከመቶ በመቶ ዝቅ እንደሚል፣ ይህም ለተቋሙ ገጽታ እንደማይበጅ፣ ሆኖም የስህተት እርማቱን እንደ አዲስ የምርምር ሐሳብ አድርጌ በሚቀጥለው ዙር ብወዳደር ኮሚቴው በደስታ እንደሚመለከተው ተገልጾልኛል። ዙሩ የሚከፈተው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ስለ ግብዣው እጅ ነሥቻለሁ። ብቻ ከፎቶው ቀን ወዲህ ድፍን መቶ የሚል ቁጥር ባየሁ ቁጥር፣ ዕቃው ሞልቶ የቀረው ወዴት ፈሶ ይሆን ብዬ እጠይቃለሁ።

መልሱ በደረሰኝ ማግስት፣ በአውቶቡሱ ተሳፍሬ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩና ከእማማ ብልቃጥ ጋር ከካርድ ክፍሉ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። ገጽ አርባ አንድን አነበብኩላቸው፤ ጣቢያው የተዘጋውም ቱቦው የጠበበውም በእሱ መሆኑን ነገርኳቸው። እንዲሰድቡኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ እንደገና አደረጉት፣ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ራሳቸው አነበቡት። ከዚያ፣ «ቱቦውስ?» አሉ። ስለ ስማቸው ልናገር ስጀምር አቋረጡኝ። «ስሜን ተወው፤ ሰው ያውቀኛል። ቱቦውን አስቁም።»

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። ገጽ አርባ አንድ ስህተት ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መዝጋቢዋ አንድም ቀን በግምት አልጻፉም። ይህንኑ በማኅተምዎ ሥር በአንድ መስመር ለመሐንዲሱ ይጻፉለት። ዋንጫውን በካርቶን አሽጌ ለጸሐፊዎ ልኬዋለሁ፤ መድረሱን እንደሚያረጋግጡልኝ እርግጠኛ ነኝ። የተመራማሪነት ማዕረጌንም ለኮሚቴው ገጽታ ይበጃል ካላችሁ አብራችሁ አንሡት። ቱቦው ከተቀየረ በኋላ እኔ ምን እንደምባል ብዙም አያስጨንቀኝም።

በፌሎሺፑ ጥላ ሥር አንድ ዓመት ሙሉ ሳልረጥብ ስላኖራችሁኝ ውለታችሁ አለብኝ፤ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለማኅተምዎ እርጥብ ቀለምን እየተመኘሁ፣

የመረጃ ጥራት ተሸላሚው

ግልባጭ፦
– ለመንገድ ሥራው መሐንዲስ
– ለሚቲዎሮሎጂ ቢሮ
– በሸለቆው ላሉት ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ጸሐፊዎ በማስረጃ ያልተደገፈ አቤቱታ እንደማይታይ ስላሳሰቡኝ ማስረጃ አያይዣለሁ። ጣቢያው ቢዘጋም እማማ ብልቃጥ መለኪያዋን አልነቀሉም። የጎረቤታቸው ቆርቆሮ ሠሪ የሚፈሰውን የሚያጠራቅም ክዳን ያለው ጣሳ ሠርቶላቸው ዕቃው አሁን የቆመው በዚያ ውስጥ ነው። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ። ትናንት ጠዋት በሦስት ሰዓት አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ በዕቃው መቶ፣ በጣሳው ሠላሳ አንድ። ደብተሩን እኔ ይዤ ስለነበር «መቶ ሠላሳ» ብዬ ጻፍኩ። እማማ ብልቃጥ ብርጭቆውን ከዓይናቸው ሳያወርዱ፣ «ሠላሳ አንድ ነው ያልኩህ፤ በግምት አትጻፍ፣ ልጄ» አሉኝ።