የእኔው ትንፋሽ ነበር

ይድረስ ለምወድዎ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እንቅልፍ ይወስድዎታል ወይ? ምግቡስ? እጅዎስ፣ ብርጭቆ ሲያነሡ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። እህቴ «አባባ ክኒናቸውን ትተዋል፤ የልጄ መድኃኒት ሊደርስ ነው ይላሉ» ብላ ጽፋልኛለች።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ባለፈው ደብዳቤዬ «መድኃኒቱ ሲሠራ አየሁት» ብዬዎት ነበር። ሥራዬ በተሳሳተ መንገድ ተጣጥፎ እጅ የሚያንቀጠቅጠውን በሽታ ያመጣል በሚባለው ፕሮቲን ላይ ነው። ጠብታውን መሣሪያ ውስጥ አስቀምጬ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን አሳልፍበታለሁ። ፕሮቲኑ አጣጣፉን ሲለውጥ ኮምፒውተሩ የሚሥለው መስመርም ይለወጣል። መድኃኒት ይሆናል ያልነውን አዲስ ንጥረ ነገር ስጨምርበት ትናንሽ ሹል ጫፎች ብቅ ሲሉ፣ ፕሮቲኑ ተፈታ ብዬ በደስታ ፈነደቅሁ።

አባባ፣ የእኔው ትንፋሽ ነበር። የመሣሪያው ክዳን ከተከፈተ በኋላ ደረቅ አየር እስኪሞላው መታገሥ ነበረብኝ። እኔ ሆዬ ቸኩዬ፣ አፍንጫዬን ጠብታው ላይ ደቅኜ ነበር። ከትንፋሽ የሚወጣው እንፋሎት ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ የራሱን ጫፍ ይሥላል። መሣሪያውን የሚጠብቀው ቴክኒሻን ጠርጥሮ «እስቲ ጠብታውን አውጪና ባዶው ላይ ተንፍሺ» አለኝ። ተነፈስኩ። ያው ጫፍ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ለፕሮፌሰሬ ለመናገር ሦስት ቀን በራቸው ላይ ተመላለስኩ። ስነግራቸው «ድገሚው» ብቻ አሉ። እኔ ሥራዬን እደግመዋለሁ፤ እርስዎን ግን ከየት አመጣለሁ? ደግሞ እውነት ቢሆን እንኳ መድኃኒት እስኪሆን ዓመታት ይፈጃል፤ በዚያ ደብዳቤ ይህን አለመጻፌ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሐኪምዎ ዘንድ ሄደው ክኒንዎን ይጀምሩ። ለጎረቤት አፍረው ከሆነ፣ ልጄ ተሳስታ ነው ይበሉ። «እሺ፣ ውጫለሁ» ብለው እንዳይሸነግሉኝ፤ ያለቀውን ማሸጊያ በፖስታ ይላኩልኝ። ከእንግዲህ ሳላረጋግጥ አላምንም።

እማዬን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። እህቴን ለምን ነገርሽብኝ ብለው አይቆጧት። አክስቴም ያንን ደብዳቤ ለሰፈሩ ሁሉ እንዳነበበችው፣ ይህንንም ድምጿን ከፍ አድርጋ ታንብብልኝ።

የፖስታውን አድራሻ ግን እህቴ አትጻፈው፤ እርስዎ ይጻፉት። ፊደሉ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለም፤ እሱን ሳነብ አልሳሳትም።

ልጅዎ
ከመሣሪያው ክፍል፣ የካቲት 6 ቀን